እንደ እናቴ ልብ

አይ አለመታደል! ክፉ ነገር ከውጭ የመጣ እንደሆነ ሰው ይጮኻል፣ በር ይዘጋል፣ ጎረቤት ይጠራል። ከገዛ ቤቱ፣ ከሚወደው ልጁ አፍ የወጣውን መዓት ግን በምን ይመክተዋል? ይህን የምለው አራተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ጠባብ ክፍሎች ይኖሩ ስለነበሩ ሦስት ሰዎች ነው። እናትየው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች፤ ባሏን በአፍላ ዕድሜዋ ቀብራ፣ በአንዲት የእግር ስፌት መኪና ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት። ታላቅየው ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ መሪ ጨበጠ፣ ታናሽ እህቱንም እንደ አባት ሆኖ አሳደገ። እሷም ከእሱ በዘጠኝ ዓመት ስለምታንስ «ጋሼ» ትለዋለች። እሷን ግን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ቁጭ ብላ የማትበላ፣ ደረጃ ስትወርድ ሁለት ሁለቱን የምትዘል፣ ሰው የጀመረውን ወሬ ነጥቃ የምትጨርስ ጥድፍድፍ ስለነበረች እናቷ ገና በሕፃንነቷ «ቅብጥብጥ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። ይህችው ቅብጥብጥ የሕክምና ትምህርት ቤት ስትገባ እናትየው አላመነችም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነብባ፣ በአራተኛው መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

የልብ ማዳመጫውን የገዛችላት እናቷ ናት። ተማሪዎቹ ገና በሽተኛ አጠገብ አልደረሱም፤ የሚያውቁት መጽሐፍና አጥንት ብቻ ነው። ቅብጥብጥ ግን መቼ ትታገስና! በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት እናቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ልብ አራት ክፍል አለው እማዬ። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚያሳልፉ በሮች አሉ፣ ከታችኛው ወደ ውጭ የሚያስወጡም አሉ። ድብ የሚለው የመጀመሪያዎቹ ሲዘጉ፣ ጠብ የሚለው የሁለተኞቹ ሲዘጉ ነው።»

«አራት ክፍል!» አለች እናትየው እየሳቀች። «ሦስት ሆነን በሁለት ክፍል ተጣበን እየኖርን፣ እኔ ለካ አራት ክፍል ደረቴ ውስጥ ደብቄያለሁ? ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ፣ አከራየው ነበር!»

ልጅቷ ሰማች። ድብ የሚለው ጮክ ያለ፣ ጥርት ያለ ነበር። ጠብ አለ። ከዚያ ደግሞ ሩቅ መንገድ ላይ እንደሚያልፍ የጭነት መኪና ያለ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ተከተለ። ይህ እንግዲህ ደም በበሩ ሲያልፍ ነው አለች በልቧ። የራሷንስ አልሰማችም? ሰምታለች! ድብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ጭጭ። የራሷ ቀጭንና ጎደሎ መሰላት፤ የእናቷ ግን ሙሉ ሆነላት። የምትወዳትን እናት ልብ ሰምታ ጎደሎውን በራሷ ላይ አየች። ከዚህ የባሰ ስህተት፣ ከዚህስ የበለጠ ፍቅር ከየት ይመጣል?

«እማዬ፣ ልብሽ እንደ ሰዓት ነው! ምንም የለብሽም።»

እናትየው ሳቋን አቆመች። «ምንም? እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺን ይንሳኝ!»

ምነው ምላሷን በያዘላት! እናትየው አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጅቷም የኩራት ለቅሶ ነው ብላ አለፈችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሰማች፣ እንዲሁ አለች። በሁለተኛው ክረምት የእናትየው ጉሮሮ ታመመ፣ ጉልበቷም አብጦ ሰነበተ፤ «መኪና ስረግጥ እውላለሁ፣ ታዲያ ምን ይሁን?» ብላ አሾፈችበት። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ከበዳት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር የምታወራ እየመሰለች ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጎረቤት በሌለበት ቀን እንኳ ትቆማለች! በአንድ ትራስ ትተኛ የነበረችው በሦስት ትራስ ሆነች። ሾፌሩ ይህን ሁሉ አየ። ሞተር ሲደክም ከድምፁ በፊት ከአቀበት አወጣጡ የሚያውቅ ሰው ነው፣ እንዴት አያይ?

«እማዬን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው» አለ አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ጋሼ ደግሞ! በየሳምንቱ እየሰማኋት? ድካም ነው።»

«ከንፈሯን አይተሻል? እግሯንስ? ጫማዋ አልገባም ብሎ በነጠላ ጫማ ነው የምትሄደው።»

«አንተ ስለ ጎማህ አውራ!» ብላ ሳቀች፤ እናቷም አብራት ሳቀች። «ተወው ልጄ» አለች እናትየው፣ «ሐኪም ቤቱ እዚሁ ቤታችን አለ፣ ምን ያንከራትተኛል?» እሱም አፈረ። ያልተማረ መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጠቁጠዋል። ዝም ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ያቺን ቀን ዝም ባይል ኖሮ... ግን ማን ያውቃል?

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ተማሪዎቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በሽተኞች ክፍል ገቡ። አስተማሪያቸው ሽበታም፣ ቁጡ፣ ቀልድ የማይወድ ሐኪም ነበር። አንዲት ወጣት የትኬት ቆራጭ የተኛችበት አልጋ አጠገብ ቆመና «ማን ይመረምራል?» አለ። ቅብጥብጥ ጥያቄው ሳያልቅ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ከትታ ነበር።

«ቀስ!» አለ ሐኪሙ። «ጆሮ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ በዓይንሽ እይ። አንገቷን፣ ከንፈሯን፣ እግሯን። በስንት ትራስ እንደምትተኛ ጠይቂ። ቀጥሎ በእጅሽ ዳስሺ። ከዚያ በግራ ጎኗ አስተኝተሽ ስሚ።»

በስንት ትራስ? ግን ለማሰብ ጊዜ የት አላት፣ ቸኩላለች። በሽተኛዋን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፣ ሰማች። ጮክ ያለው ድብ። ጠብ። ጉርምርምታው። ፊቷ በራ! ከማያውቁት አገር መሐል የቤት ሰው እንዳገኙ ዓይነት ደስ አላት።

«ጤነኛ ነው ዶክተር!»

ተማሪዎቹ ተንሾካሾኩ። ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። «ጤነኛ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«የእናቴም ልክ እንደዚህ ነው የሚመታው። በየሳምንቱ እሰማታለሁ።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት! መነጽሩን አውልቆ፣ ቀስ ብሎ «የኔ ልጅ፣ እናትሽ አሁን የት ናት?» አላት።

እንዴት እንደወጣች አታውቅም። አውቶቡሱ ሲዘገይባት ወርዳ ሮጠች፤ ሰው ገፍታ፣ ተሰድባ፣ ጋዋኗን እንደለበሰች። እየሮጠች ታሰላ ነበር፦ ስንት እሁድ? መቶ? ከመቶ በላይ! አራቱን ፎቅ ወጥታ በሩን ስትከፍተው እናቷ የግማሽ ሸሚዝ እጅጌ በመርፌው እንደተያዘ መኪናዋ ላይ ተደግፋ አየር እንደጠፋበት ሰው ታለከልክ ነበር። «ምነው በጊዜ መጣሽ? ትምህርት የለም?» አለች፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሰች። ልጅቷ ያን ጊዜ ገና በዓይኗ አየቻት። ያበጠውን እግር፣ የጠቆረውን ከንፈር፣ አንገቷ ላይ የተገተረውን ደም ሥር። ሁሉም እዚያው ነበር፣ እፊቷ!

ስትደውልለት ሾፌሩ መኪናውን ከነጭነቱ ይዞ መጥቶ በጀርባው አዝሎ አወረዳት። ሐኪሙ ራሱ ተቀበላቸው። አየ፣ ዳሰሰ፣ እግሯን በጣቱ ተጫነና ጎድጉዶ መቅረቱን ተመለከተ፣ መጨረሻ ላይ ሰማ። «እናቴ፣ ከግራው ላይኛ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወስደው በር ጠቧል» አላት።

«ቁልፍ የማያስገባ ቀዳዳ ማለትዎ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እንደዚያ ነው። ደሙ ማለፊያ ሲያጣ ወደ ሳንባዎ ተመልሶ ተጠራቀመ። ሳንባዎ ጠረግ ሲል በቀዶ ሕክምና እንከፍተዋለን። በልጅነትዎ አንጓ የሚያሳብጥ ትኩሳት ታመው ያውቃሉ? ያ ትኩሳት አገርሽቶ በሩን እንዳያጠብብዎ በየወሩ የሚወጉት መርፌ አልታዘዘልዎትም ነበር?»

እናትየው ልጇን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። «አላውቅም» አለች። «ማንም የነገረኝ የለም።»

በማግስቱ ሾፌሩ ልብስ ሊያመጣላት ወደ ቤት ሄዶ፣ ከቁምሳጥኑ ሥር የታጠፈ የክሊኒክ ካርድ አገኘ። ለአሥራ ሁለት ዓመት በየወሩ መርፌ ተወግታለች! ክር ልገዛ እያለች የምትወጣው ለካ ለዚህ ኖሯል። ማኅተሙ በየወሩ ተራ ጠብቆ ይመጣና በድንገት ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሣጥን ሁሉ ባዶ ነው። ቀኑን ደጋግሞ አነበበው። ወሩ እህቱ ትምህርት ቤት የገባችበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫ የያዘችበት ወር ነው።

ከሆስፒታሉ ኮሪደር ወዲያ ወዲህ ስትንቆራጠጥ አገኛትና ካርዱን ደረቷ ላይ ወረወረው። «አንብቢ! የተማርሽው አንቺ አይደለሽም? እኔ የጎማ ሰው ያየሁትን አንቺ አላየሽም! ምንም የለብሽም ስትያት መድኃኒቷን አቆመች። እናቴ ብትሞት የገደልሽው አንቺ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ እንዳትዪኝ!»

አነበበች። አንዴ፣ ሁለቴ... ግድግዳው ላይ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንባ እንኳ እንቢ አላት።

ድምፁ ከበሩ አልፎ ኖሮ፣ እናትየው ሁለቱንም አስጠራች። ካርዱን በቅብጥብጥ እጅ ስታይ ዓይኗን ጨፈነች። «ምን አስቸኮለህ አንተ?» አለችው ወንድ ልጇን። «ምስጢሬን ይዤው ልሞት አልነበር?»

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ቅብጥብጥ።

«መርፌው ያመኛል። ሳምንት ሙሉ ነበር ቁጭ ማለት የሚያቅተኝ። ሰበብ ስፈልግ ኖርኩ፤ አንቺ ሰበብ ሰጠሽኝ። ያንን ሁሉ ዓመት የተማረ ሐኪም የነገረኝን ትቼ የአንድ ወር ተማሪ ያመንኩት ለምን ይመስልሻል? ልጄ ስለሆንሽ! የተናገርሽው አንቺ፣ ያቆምኩት እኔ። የእኔን ጥፋት አትውሰጂብኝ፣ አፈር ስሆን።» ትንፋሿን እስክትሰበስብ ሁለቱም ጠበቁ። «ትምህርትሽን ብትተዪ አልወድም። አንተም ብታኮርፋት አልወድም። ከእኔ በኋላ ማን አላችሁ?»

ሾፌሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቀዶ ሕክምናው ለሐሙስ ተቀጠረ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ አልጋዋ ላይ እያለች፣ ሳንባዋ ድንገት ሞላ። ሐኪሙ በእጁም በመድኃኒቱም ታገለ፤ ቅብጥብጥ የእናቷን እግር ይዛ ቆማ ነበር። ሁለት ቀን! ሁለት ቀን ብቻ ጨምሮላት ቢሆን! ያ ጮክ ያለው ድብ ቀስ እያለ፣ እየራቀ... ዝም አለ።

ከቀብሩ በኋላ በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ኖሩ። እሱ ማለዳ ይወጣል፣ መሽቶበት ይገባል፣ ራት ያቆየችለትን ሳህን አልፎ ይተኛል። እሷ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ቁጭ ማለትማ ከቶ አልቻለችም። የታጠበ ዕቃ ታጥባለች፣ ደረጃውን ትወርድና መልሳ ትወጣለች፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ አንገቱንና ቁርጭምጭሚቱን እያየች ትከተላለች። አንዲት አሮጊት «ምን ፈለግሽ ልጄ?» ብላ ስትጠይቃት ሸሸች።

አንድ ወር ሲደፍን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የወንድሟ እግር ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ። በሥራ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ገባ፣ ወንበር ስቦ ፊቷ ተቀመጠ፣ የሸሚዙን ቁልፎች ፈታ።

«ነይ፣ ስሚኝ» አለ።

«አልችልም» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «እኔ የምለው አይታመንም። አንተ ራስህ...»

«ዛሬ መኪና እየነዳሁ አለቀስኩና ሰው ልገጭ ነበር። አቆምኩና አሰብኩ፤ እኔ እኮ አይቻለሁ! ዓይኔ አይቶ፣ አንድ ጊዜ ስለሳቃችሁብኝ አፍሬ ዝም አልኩ። አንቺ ሳታዪ ነው የተሳሳትሽው፤ እኔ እያየሁ ነው። ታዲያ ገዳዩ ማነው? የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ነይ በሞቴ!»

ቅብጥብጥ ቀረበች። አልቸኮለችም። አንገቱን አየች። ከንፈሩን አየች። ተንበርክካ እግሩን በጣቷ ተጫነች። «በስንት ትራስ ትተኛለህ?» አለችው። «ያለ ትራስ» አላት። መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ ከግራ ጡቱ ሥር ይመታል። ከዚያ በኋላ ነው ማዳመጫውን ያነሳችው። በግራ ጎኑ አስተኝታ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ድብ። ጠብ። ከዚያ ዝምታ፤ ንጹሕ፣ ባዶ፣ ጤነኛ ዝምታ። ጎደሎ ሲመስላት የኖረው ይህ ነበር! እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ ደረቱ ላይ ወረደ፤ እሱም አልጠረገውም።

«ምን ሰማሽ?»

«ጤነኛ ይመስለኛል ጋሼ። ግን ነገ ጠዋት አብረኸኝ ትሄዳለህ። ዶክተሩም ይስማህ።»

ጋሼ አለችው። እሱም አልከለከላት። «ነገ ጭነት አለኝ» ሊል ነበር፣ ዋጠው። የሸሚዙን ቁልፎች እየቆለፈ «ትምህርት ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?» አላት።