ያልተማለበት ቃል

ወገዳ ከተማ ላይ የይሁኔን ወሬ የሚሰማው እንጂ የሚያምነው አልነበረም። የአያቱ በሬ ከስማዳ አፋፍ ተነስቶ፣ የበሽሎን ወንዝ በአንድ ዝላይ ተሻግሮ፣ ወሎ ሲግጥ ውሎ ማታ በረቱ እንደገባ ሲያወራ፣ የሚስቀው ይስቃል፣ የሰለቸው ነጠላውን አራግፎ ይሄዳል።

ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ ያገኘው ሥራ ግን ቀልድ አያውቅም። ክረምት መንገዱ ሲቆረጥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ ሐሙስ ሐሙስ የምታርፍ ዳኮታ የምትባል አሮጌ አውሮፕላን አለች። ይሁኔ ከሜዳው ከብት ያባርራል፤ የተጫነች በቅሎ ከዳር እስከ ዳር ይነዳል፤ ያየውን ለአብራሪው በሬዲዮ ይናገራል። የአውሮፕላን ኩባንያው ደንብ አጭር ነው፦ የበቅሎዋ ኮቴ ከሰጠመ አይታረፍም።

በዳኮታዋ የምትመጣ አዲስዓለም የምትባል ሆስተስ ነበረች፣ የእስቴ ልጅ። ጭነቱ እስኪራገፍ በክንፉ ጥላ ቆማ የይሁኔን ጉድ ትሰማለች።

«ሚካኤልን! እውነቴን ነው» ይላታል፣ በሬው በሽሎን ባለፈ ቁጥር።

«አንተ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?» አለችው አንድ ቀን። «የምትምለው ስትዋሽ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ሲያይ ተረቱ መሀል ላይ ይጠፋበት ጀመር። ዝም ይላል። እሷም ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ከወሬው ሁሉ ይጥማቸው ነበር።

ነሐሴ ላይ ፊቷ ጠቁሮ ወረደች።

«የኩባንያው መዳቢዎች ወደ ውጭ አገር በረራ አዛውረውኛል። የሚመጣው ሐሙስ የወገዳ መጨረሻዬ ነው። በማግስቱ የምፈርመው ውል አለ፤ ውሉ እስኪያልቅ ማግባት ክልክል ነው።»

«እና?»

«እናማ፣ የምትለኝ ካለ ሐሙስ ፊት ለፊት በለኝ። በሬዲዮ የተባለ ነገር አልቀበልም።»

ለሐሙስ አጥቢያ ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ሲነጋ ፀሐይ ወጣ፤ ሣሩ ላዩ ደርቆ፣ ለምለም ሆኖ ሲያዩት የሠርግ ምንጣፍ ይመስላል። ይሁኔ ሸሚዙን ቀይሮ በቅሎዋን ነዳት። ኮቴዋ ዋልካው ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባ። ወደ ሌላው ዳር ወሰዳት፤ እዚያም ሰጠመች።

«ምናለ ዛሬ እንኳ ቀለል ብትዪ» አላት በቅሎዋን።

የዳኮታዋ ድምፅ ከጉና በኩል ተሰማ። «ደረቅ ነው» ቢል አዲስዓለም ትወርዳለች። ይህን ያህል ትንሽ ውሸት ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም።

«ጓድ ይሁኔ፣ ሜዳው እንዴት ነው?» አለ ካፒቴን ጥሩነህ በሬዲዮው።

ይሁኔ የበቅሎዋን ኮቴ አየ። «ረጥቧል፣ ጓድ ካፒቴን። በቅሎዋ ሰጥማለች። አይረፉ።»

«ለእኔ ደረቅ ሆኖ ነው የሚታየኝ። አንተ አይደለህ እንዴ ሜዳው ላይ ዝሆን ተኝቷል ብለህ ሰማይ ላይ ስታዞረኝ የዋልከው?»

«ያን ጊዜ ቀልዴን ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እውነቴን ነው።»

«እስቲ ማል።»

የሚካኤል ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። የዳኮታዋ የአብራሪዎች ክፍል በር ሁሌም ክፍት ነው፤ ሬዲዮው የሚለው ኋላ ድረስ ይሰማል። ከማለ፣ አዲስዓለም ዋሸ አትልም?

«አልምልም፣ ጓድ ካፒቴን።»

«እንግዲያው ወረድኩ።»

የዳኮታዋ አፍንጫ ዝቅ አለ። ጎማዎቿ ወጡ። ይሁኔ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ካፒቴኑ የመናገሪያውን ቁልፍ ሳይለቅ ኖሮ፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«ካፒቴን፣ አይረፉ። እውነቱን ነው።»

«ለምን ተነሳሽ? ሲታረፍ ቀበቶሽን አስረሽ መቀመጥ አይደለም ደንቡ?»

«አውቃለሁ። እሱ የሚምለው ሲዋሽ ነው። ዛሬ እምቢ አለ።»

ጎማዎቹ የሣሩን ጫፍ ሊነኩ ሲሉ ሞተሩ አጓራ። ዳኮታዋ በይሁኔ ራስ ላይ አልፋ፣ ሽቅብ ወጥታ፣ ደመናው ውስጥ ገባች። በቅሎዋና እሱ ቀሩ። አዲስዓለምን በገዛ አፉ መለሳት።

በሳምንቱ ሌላ ሆስተስ ወረደች።

«አዲስዓለምስ?»

«ሲታረፍ ከመቀመጫዋ ተነስታለች ተብላ ከበረራ ወጣች። ካፒቴኑ ያዳነችን እሷ ናት ብሎ ተሟግቶላት ነበር። ደንብ ነው አሉት።»

«የት መደቧት?»

«እንጃ።»

ይሁኔ ወሬ አቆመ። ሰዉ ታሟል አለ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ ከእስቴ በኩል አንዲት ሴት በበቅሎ መጣች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ይሁኔ ከሜዳው ጥጃ እያባረረ ነበር። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«ምድር ላይ መደቡኝ» አለች አዲስዓለም ከበቅሎዋ ወርዳ። «ትኬት ቆራጭ ሆኛለሁ። ትኬት ቆራጭ ማግባት አይከለከልም።»

ይሁኔ የበቅሎዋን ልጓም ተቀበላት።

«ፊት ለፊት በለኝ ብዬህ አልነበረም?»

«እወድሻለሁ።»

«ማልልኛ።»

ይሁኔ ሜዳውን አየ፤ እሷን አየ።

«አልምልም» አላት።

አዲስዓለም ጭቃ በነካው እጇ እጁን ያዘች።