ባዶው ዝርዝር

ሟቹ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር የተገኘው። አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው፤ ሌላው ወደ በሩ ተዘርግቷል። ከአናቱ በኩል የኔትወርክ ዕቃዎች የተደረደሩበት የብረት መደርደሪያ ቆሟል፤ የብረቱ ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። ከጣሪያው ሥር የተነቀሉ ገመዶች ተንጠልጥለዋል።

የሰፈሩ ፖሊሶች ነገሩ አልከበዳቸውም። «ገመድ ሲቀይር ከመሰላል ወደቀ» ብለው ሊዘጉት ነበር። መርማሪዋ ግን ሬሳውን ካየች በኋላ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታው ክፍሉን ማየት ጀመረች። አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ክፍሉ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነው። ኮምፒውተሮቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ተገልጧል፤ ስክሪኑም በርቷል።

ስክሪኑ «የሚጫኑትን ፓኬጆች ይምረጡ» ይላል። ከሥሩ ግን የሚመረጥ ነገር የለም። ነጭ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው።

ከበሩ ውጭ አንዲት አሮጊት ፖሊሶቹን ገፋ አድርገው ገቡ። የሟቹ እናት ናቸው። አላለቀሱም፤ ዓይናቸው ደርቋል።

«ልጄ፣ የነዚህ አለቃ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ እማማ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ይሄ ልጅ ዛፍ ላይ ነው ያደገው። አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። ከመሰላል ወደቀ ይሉኛል። ከወደቀ፣ ወደቀ በይኝ። የገፋው ካለ ግን ማን እንደሆነ ንገሪኝ። ማንም ይሁን።»

«ማንም?»

«ሳላውቅ ከምሞት አውቄ ልሙት።»

መርማሪዋ ይህን ቃል ከብዙ እናቶች ሰምታለች። እውነቱን ካወቁ በኋላ ተመልሳ ያመሰገነቻት አንዲትም የለችም። ሆኖም እሺ አለች።

ሰውየው የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት የለም፤ ግቢውም ይቆለፋል። ቁልፍ ያላቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ማሠልጠኛውን የመሠረተው ታላቅ ወንድሙ፣ የሟቹ ሚስትና ከሟቹ ጋር የምታስተምረው መምህርት።

መጀመሪያ የመጣችው መምህርቷ ነበረች። ዓይኗ አብጧል።

«ይሄ ገጽ ምንድን ነው?» ስትል መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች።

«ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲጫን የሚመጣ ነው። እዚህ ላይ የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ለቢሮ ሥራ ይሁን፣ ለሰርቨር ይሁን፣ ዝርዝር ይመጣልዎታል።»

«ታዲያ ዝርዝሩ የታለ?»

መምህርቷ ስክሪኑን ትኩር ብላ አላየችውም። ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን ጀርባ አየችና ቀና አለች።

«ገመድ የለውማ። ይሄ ትንሹ ሲዲ ነው። ቁልፍ ነው ይበሉት። ዕቃው ያለው ሌላ ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የሚመጣው በኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ከሌለ መጋዘኑ አይታየውም፤ የሚያሳይዎት ነገር የለውም።»

«ገመዱን ማን ነቀለው?»

«እሱ ራሱ። ቅዳሜ ጠዋት የሁሉንም ነቅሎ አዲስ ሊዘረጋ ጀመረ። ‹እስከ ሰኞ ኔትወርክ ብሎ የጠየቀኝን በገመድ እገርፋለሁ› አለን።» ፈገግ ልትል ነበር፤ አልቻለችም። «ጉንዳን ነበር የምንለው። ዐርፎ አያውቅም።»

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ሰሞኑን ተኳርፈን ነበር። ሥራ ልለቅ ነው አልኩት፤ አልለቅሽም አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ነበርኩ፤ ብቻዬን። ግድግዳው ካልመሰከረልኝ ምስክር የለኝም።»

«ታላቅየውስ ያስተምራል?»

«አለቃ? ድሮ። ሲዲ እንደ ካርታ እየደረደሩ አንድ ኮምፒውተር በሚጭኑበት ዘመን። አሁን በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል።»

ከእሷ በኋላ ሚስትየዋ ገባች። ሬሳውን እሑድ ጠዋት ያገኘችው እሷ ናት። ወንበር ሲሰጣት አልተቀመጠችም።

«ኮምፒውተር ታውቂያለሽ?»

«የኮምፒውተር ጣውንት ነኝ እንጂ አላውቅም።»

«ቤት ያለው ሲበላሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በጥፊ ነው የምለው። አንዳንዴ ይሰማል። ባሌ ነው የማይሰማው።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «ነበር።»

«ቅዳሜስ መጥተሽ ነበር?»

«ምሳ አምጥቼለት። መሰላል ላይ ሆኖ ‹አስቀምጪው› አለኝ። ወርጄ ልብላ አላለም፣ ፊቱን አላዞረም። ሳህኑን መሬት ላይ ወረወርኩትና ‹ከገመድህ ጋር እደር!› ብዬው እህቴ ጋ ሄድኩ።» አሁን ተቀመጠች። «አደረ።»

ታላቅ ወንድሙ መጨረሻ ላይ ገባ። ሽበት የጣለበት፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሲናገር እንደ አስተማሪ ድምፁን የሚያነሳ ሰው ነው።

«እኔ ስወጣ እዚያች ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ሊኑክስ ሲጭን ነበር» አለ። «‹ደህና ዋል› አልኩት፤ ‹ደህና ዋል ጋሼ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ይሆናል መሰላሉ ላይ የወጣው።»

«አልተጣላችሁም?»

«ወንድም ከወንድሙ ካልተጣላ ከማን ሊጣላ ነው? ማውዝ አያያዝ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ። እጁን ይዤ።»

እንዳሰናበተችው መርማሪዋ ብቻዋን ቀረች። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ስትጫን የሲዲው መሳቢያ ተንሸራቶ ወጣ። ሲዲውን በጫፉ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። ላዩ ላይ ቀጫጭን የመታሸት መስመሮች ይታያሉ፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል። አሸተተችው። ወደ መታጠቢያው ክፍል ሄደች። የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ክዳኑ የተከፈተ የጥርስ ሳሙና ወድቋል።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለላት።

«ወዲያው አልሞተም» አላት። «ጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የደማው። ረዘም ላለ ጊዜ ተንፍሷል። ሐኪም ቤት ቢደርስ ሊተርፍ ይችል ነበር።»

ስልኩን ዘጋች። አሮጊቷን አሰበች። ሁለት ልጅ ነው ያላቸው፤ ሦስተኛ የለም። «ወደቀ» ብላ መዝጋት ትችላለች። ይህን ማንም አያውቅባትም፤ ከእሷ በቀር።

ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። እናትየው ፊት ለፊት ወንበር ተሰጣቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆሙ። መርማሪዋ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ያንኑ ዓይነት ትንሽ ሲዲ አስገብታ መጫኑን አስጀምራለች፤ ገመዶቹ እንደተነቀሉ ናቸው። ሦስቱም ስክሪኖች ያንን ባዶ ሳጥን ያሳያሉ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ» አለች። «እያንዳንዳችሁ አንዱ ጋ ቁጭ በሉና ዝርዝሩን አምጡልኝ።»

«ይሄ ፈተና ነው ወይስ ልቅሶ?» አለች ሚስትየዋ። ተቀመጠች፤ ሳጥኑን አየች፤ የኮምፒውተሩን ጎን በመዳፏ መታ አደረገች። «አልሰማም አለ» ብላ ተወችው።

መምህርቷ አልተቀመጠችም። የኮምፒውተሩን ጀርባ አየችና «ገመድ ስጡኝ» አለች።

አለቃ ኮቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። ገጹን አነበበ፤ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጣ። ያው ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ሲዲውን አወጣ፤ እፍ አለበት፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና መለሰው። ያው ነው።

«ሲዲው ተጭሯል» አለ።

«ታዲያ ምን ይሻለዋል?» አለች መርማሪዋ፣ እንደ ተማሪ በትሕትና።

«ቀላል ነው። የጥርስ ሳሙና ካለ በለስላሳ ጨርቅ...»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። መምህርቷ ዞር ብላ አየችው።

«ጨርሰው» አለች መርማሪዋ። ወደ ሲዲው ጠቆመች። «እሺ እኔ ልጨርሰው። ቅዳሜ ጠዋት ጉንዳን ገመዶቹን በገዛ እጁ ነቀለ። ኔትወርክ የሚፈልገውን ሲዲ፣ ኔትወርክ በሌለበት ክፍል፣ ያውም ራሱ ያጠፋው ሰው ይጭናል? አይጭንም። እንግዲያው ያን ኮምፒውተር ያስነሳው ሌላ ሰው ነው።»

መርማሪዋ ከስክሪኖቹ ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ለምን አስነሳው? ጉንዳን ደህና ሆኖ ሥራ ላይ የነበረ እንዲመስል። ‹ስወጣ እየጫነ ነበር› ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ግን ዝርዝሩ ባዶ ሆነበት። መምህርቷ ብትሆን ገመዱን ታይ ነበር። ሚስቱ ብትሆን በጥፊ መትታው ትሄድ ነበር። ያ ሰው ግን ጥፋቱን የፈለገው ሲዲው ውስጥ ነው፤ ድሮ ሲማር ሁሉም ነገር ሲዲው ውስጥ ነበርና። ስለዚህ ጭረቱን ለማጥፋት በጥርስ ሳሙና አሸው። ሳሙናው ጠርዙ ላይ ደርቆ አገኘሁት።»

አለቃ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አያቸው።

«ተማሪ ፊት እንዲህ ሆኖብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ አልተነሳም። «ባዶ መጣብኝ። ሳቁብኝ። እሱ ገባና አንድ ነገር ሰካ፤ መጣ። እኔን ሳያይ ወጣ። ቅዳሜ ደግሞ ‹ጋሼ፣ በሩንም ሰው ቀጥሬበታለሁ፤ አንተ ቤት ዕረፍ› አለኝ። ከመሰላል ላይ ሆኖ፣ ፊቱን ሳያዞር። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። መሰላሉን ነው የገፋሁት፤ እሱን አይደለም።»

«ወንድም ጋሼ!» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪዋ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ፈለገች። የቀረውን ለዳኛው ብቻ ልትነግር ወስና ነበር።

«ቆዩ» አሉ እናትየው።

ሁሉም ቆመ።

«ወዲያው ነው የሞተው?»

መርማሪዋ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለች። «አይደለም እማማ።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰምተኸዋል?»

«ሰምቼዋለሁ እማዬ። ያቃስት ነበር።»

«ይናገርስ ነበር?»

«‹ጋሼ› ይለኝ ነበር።» እጆቹን እንደገና አያቸው። «ልጠራ ነበር እኮ፤ ሰው ልጠራ ነበር። መጀመሪያ ይሄ ይስተካከል አልኩ። ጉንዳን ባዶ ዝርዝር ፊት ተገኘ ቢባል ማን ያምናል? ወዲያው እኔን ነው የሚሉት። ወለወልኩት፣ አልመጣም። በሳሙና አሸሁት፣ አልመጣም። እንደገና አሸሁት። ያን ጊዜ የታየኝ ዝርዝሩ ብቻ ነው። ቀና ስል ክፍሉ ጸጥ ብሏል።»

አሮጊቷ ሦስቱን ስክሪኖች በየተራ አዩ። የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም። ከዚያ የቀራቸውን አንድ ልጅ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ሲናገሩ የቁጣ ድምፅ አልነበራቸውም።

«ታዲያ እሱን አትጠይቀውም ነበር?» አሉት። «ይነግርህ ነበር እኮ።»