ካልዳንሽ ወደ ምድጃው አትመለሺም

ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠላሁት።

ኬክ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ክሬም ስቀምስ ስለምውል ምግብ ሲባል ያንገሸግሸኛል። እንዲህ ስል ከርሜ አንድ ጠዋት ምድጃው ፊት ተዝለፍልፌ ወደቅኩ፤ ክንዴም ተቃጠለ። አሠሪዬ «የአመጋገብ አማካሪው ድናለች ካላለኝ ወደ ምድጃው አትመለሺም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ታላቅ እህቴ እየጎተተች አማካሪው ዘንድ ወሰደችኝ።

የሰውየው አሠራር ለየት ያለ ነው። ምን በላሽ ብሎ አይጠይቅም፤ ሰው ስለሚበላው ነገር ይዋሻል ባይ ነው። ዳቦና እንቁላል ያቀርባል፣ ለራሱም ያንኑ ያቀርባል፣ ከዚያ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ አብሮ ይበላል።

«እንደ ሕፃን ልትጠብቀኝ ነው?» አልኩት።

«ብዪ እንጂ። ዳቦው ምን አደረገሽ?»

«ደረቅ ነው። እንደ አንተ።»

ሳቀ። ሳቁ ደግሞ ያምራል፤ ይሄ ይባስ አናደደኝ።

በየሳምንቱ እየተነታረክን በላን። እሱ ሲያየኝ እኔ መስኮቱን አያለሁ፤ እኔ ሳየው እሱ እንቁላሉን ይልጣል። ግማሹን ስበላ ፊቱ ይፈካል። እሱን ላለማስደሰት ስል ሌላውን ግማሽ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ምንም ሳያቀርብ ጠበቀኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚያኛው ክፍል ያሉት ሌላዋ አማካሪ፣ እትዬ፣ ናቸው የሚያዩሽ።»

«ሰለቸሁህ?»

«የለም።» አቀረቀረ። «ወደድኩሽ። የወደድኳትን ሴት ማከም ደግሞ አይፈቀድልኝም።»

ልቤ ድው አለ። አፌ ግን መች አርፎ ያውቃል!

«ከወደድከኝ ለአሠሪዬ ደውልና ድናለች በላት።»

«ገና አልዳንሽም።»

«ታዲያ መውደድህ ምኑ ላይ ነው?»

«ብዋሽልሽ ነገ ተመልሰሽ እሳት ላይ ትወድቂያለሽ። ከፈለግሽ ጥዪኝ፤ አልዋሽም።»

«ጠልቼሃለሁ!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ። አጥንቴ እየተቆጠረ እናቴ እንኳ «አምሮብሻል» ትለኝ ነበር። እኔን ለማስደሰት ብሎ ያልዋሸኝ እሱ ብቻ ነው። እርር ድብን እያልኩ ወደድኩት።

በማግስቱ እትዬ ፊት ቁጭ ብዬ ዳቦውንም እንቁላሉንም ጨረስኩና ድገሙኝ አልኩ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

«ድኜ የምጣላው ሰው እዚያኛው ክፍል አለ፣ እትዬ።»