የዓርብ ምሳ ሰዓት ትእዛዝ

የኮምፒውተሩ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ ዓርብ ከቀኑ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ዱባለ የሙከራ ሰርቨሮቹን አጠፋ፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ መልሶ አስነሣቸው። ዱባለ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በዚያ ሰዓት ቦሌ ሚካኤል ብርነሽ ምግብ ቤት ሽሮ እየበላሁ ነበር፤ የነካሁት ነገር የለም።»

የቡድኑ ኃላፊ ሐቢባ ሁለቱንም ሰምታ መዝገቡን አመነች። ድርጅታቸው በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ለሚሠሩ ጭነት አስተላላፊዎች የዕቃ መከታተያ ፕሮግራም ይሠራል። አዲስ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው ከዋናው ሥርዓት ተነጥለው በተቀመጡት በእነዚህ ሰርቨሮች ላይ ነው። አዲሷ ሠራተኛ ሶሬቲ ሁለት ቀን ስታካሂደው የነበረው ፈተና ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተቋረጠ፤ ውጤቱም ጠፋ። ደንበኞቹ ከሰዓት መጥተው የሚያዩት አጥተው ተመለሱ።

ዱባለን ለመጠርጠር ምክንያት አልጠፋም። ባለፈው ወር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቋል። ስልኩንም ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሐቢባ ይህን እስከዚያ ቀን ልብ ብላው አታውቅም። ሰው አንዴ ከተጠረጠረ ማስነጠሱም ማስረጃ ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አቶ ገሰሰ የስንብት ደብዳቤውን አስጽፈው ጠሯት።

«ምሳ ላይ ነበርኩ ነው የሚለው» አለች።

«ሽሮ እየጠቀለሉ በስልክ ማጥፋት አይቻልም እንዴ? ስሙ ተጽፏል፤ ማሽን ቂም የለውም። ከሰዓት ስብሰባው ላይ ትፈርሚያለሽ።»

ስትወጣ ዱባለ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሐቢባ፣ ሌላ ሥራ እየፈለግኩ ነበር፤ አልደብቅሽም። ስሜ ጠፍቶ ግን መውጣት አልፈልግም። ከዚህ በኋላ ማን ይቀጥረኛል?»

«እስቲ አየዋለሁ» አለችው ፊቱን ሳታይ።

ያየችውም ይበልጥ ልታጠምደው ነበር። ከዚህ በፊትም አድርጎት እንደሆነ ብላ ያለፉትን ዓርቦች መዝገብ ከፈተች። አድርጎታል፤ በየሳምንቱ፣ አምስት ሰዓት ከአርባ፣ ሰከንዱ ዜሮ ላይ። «ያዝኩህ» አለች በልቧ። ከዚያ ግን እጇ ቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሰከንድ ሳያዛንፍ የሚያጠፋ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህ የስክሪፕት ሥራ ነው፤ አንዴ ተጽፎ በሰዓቱ ራሱን የሚፈጽም ትእዛዝ።

ፋይሉን ፈልጋ አገኘችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ለጊዜው። ሐቢባ።» ይላል።

ትዝ አላት። ያኔ እሷ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። የዓርብ ምሳ ረጅም ነው፤ እሷም ለጁምዓ ሶላት ትወጣለች፤ የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ ቆሞ ማሽኖቹ ቢግሉ የሚያይ የለም። ስለዚህ ሰርቨሮቹ ራሳቸው ጠፍተው ራሳቸው እንዲነሡ ጻፈችው። የራሷ የመግቢያ ፈቃድ ገና ስላልወጣ «ዱባለ፣ ለጊዜው በይለፍ ቃልህ ልጠቀም» አለችው፤ ሰጣት። ሁለቱም ረሱት። በዓርብ ምሳ ሰዓት የሚሠራ ስላልነበረ ማንም አላየውም፤ ሶሬቲ እስክትመጣ።

ፋይሉን ለመሰረዝ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃ ነበር። ወደ በሩ ተመለከተች፤ ማንም የለም። አሁን የጠረጠረችው ራሷን ነበር።

ከሰዓት ስብሰባው ላይ፣ ዱባለና ሶሬቲ ባሉበት፣ አቶ ገሰሰ ደብዳቤውን ገፋ አደረጉላት። «ፈርሚና እንገላገል።»

«አቶ ገሰሰ፣ ሰርቨሮቹን ያጠፋው እኔ የጻፍኩት ስክሪፕት ነው። በዱባለ ስም፣ ለማንም ሳልነግር የተውኩት።»

ሶሬቲ ቀና አለች። ዱባለ «እኔም የይለፍ ቃሌን መስጠት አልነበረብኝም» አለ።

«መዝገቡ ታዲያ ዋሸን?» አሉ አቶ ገሰሰ።

«አልዋሸም፤ የነገርኩትን ደገመ። ራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሣ ትእዛዝ ስንጽፍ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚሠራ ሁሉም ማወቅ አለበት። ካልሆነ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል። አሁን የወደቀው ዱባለ ላይ ነው።»

አቶ ገሰሰ ደብዳቤውን አዩት። «እና ይህንን ምን ላድርገው?»

ሐቢባ ወረቀቱን ወደ እሳቸው መልሳ ገፋችው።

«የዱባለን ስም አውጥተው የእኔን ያስገቡበት። እፈርማለሁ።»