ረምላና የጋሽ ይመር መዶሻ

ይህን ታሪክ በትክክል አስታውሼው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ ይሆናል።

የረምላ ቀሚስ ቢጫ ይመስለኛል። አረንጓዴም ሊሆን ይችላል።

የጋሽ ይመርን መዶሻ ግን አልረሳም።

«ኳ! ኳ! ኳ!»

ረምላ ታናሽ እህቴ ናት። ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጉንጯ ድቡልቡል፣ ጸጉሯ ጥቅልል ያለ።

ቤታችን ደሴ ነበር፣ ብርድና ጉም በሚበዛበት ከተማ። ከግድግዳችን ወዲያ የጋሽ ይመር ሱቅ ነበረች።

ጋሽ ይመር ከቆርቆሮ ባልዲ ይሠራሉ፣ ጣሳ ይሠራሉ፣ ምድጃም ይሠራሉ። መዶሻቸው ቀኑን ሙሉ «ኳ! ኳ! ኳ!» ይላል።

ረምላ ግን እዚያው ግድግዳ ሥር ለጥ ብላ ትተኛ ነበር። መዶሻው ቀስቅሷት አያውቅም።

ለምን መሰላችሁ? ረምላ በደንብ አትሰማም ነበር። በጆሮዋ ውስጥ፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር።

ስለዚህ ስንጠራት ሁላችንም እንጮህ ነበር።

እማዬ «ረምላ!» ትላለች። አባዬ «ረምላ!!» ይላል። እኔ ደግሞ «ረምላ!!!» እላለሁ።

አንዳንዴ ዞር ትላለች። አንዳንዴ አትዞርም።

እሷም አታወራም ነበር። እኩዮቿ «ውሃ»፣ «እንቢ»፣ «ስጠኝ» ሲሉ፣ ረምላ በጣቷ ብቻ ትጠቁማለች።

አንድ ጠዋት እማዬና አባዬ ረምላን በጋቢ ጠቅልለው ሆስፒታል ወሰዷት።

ረምላ በመድኃኒት ተኛች። ሐኪሟ ውሃውን አውጥታ በየጆሮዋ አንዳንድ ቱቦ አስገባች። ቱቦዋ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች።

ቤት ሲመለሱ እማዬ ሐኪሟ ያለችውን ነገረችን። «ትንሽ ፈሳሽ ቢወጣ አትደንግጡ ብላለች። የጆሮ ጠብታው ጠዋትና ማታ ነው፤ ውሃ አይግባባት። ለቅሶዋ አልቆም ካለ ግን መልሳችሁ አምጧት ብላለች።»

በእኛ ሰፈር ሰው ሲታመም ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቅ ይመጣል። ለረምላም መጡ።

እትዬ ዘሃራ ብርቱካን ይዘው ገቡ። «ረምላ!!! እንኳን አላህ ማረሽ!!!»

ረምላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «እእእእ!»

አጎቴ ጀማል ዳቦ ይዞ ገባ። «ረምላ!!! አፊያ ነሽ ወይ?!!»

ረምላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «እእእእ!»

ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ «ኳ! ኳ! ኳ!»

ረምላ ከአባዬ ጭን ላይ ወርዳ አልጋ ሥር ገባች።

«ምን ሆና ነው?» አለ አጎቴ።

«እኔ እንጃ፤ ጆሮዋን አሟታል መሰለኝ» አለች እማዬ።

«ለብ ያለ ቅቤ ጠብ ቢደረግላትስ?» አሉ እትዬ ዘሃራ። «እኔ ልጅ ሆኜ እንደዚያ ያደርጉልኝ ነበር።»

«አይሆንም እትዬ። ከጠብታው በቀር ምንም እንዳይገባ ተብለናል።»

«እሺ ልጄ። ብርቱካኑን እንኳ በአፏ ነው የምትበላው፤ አትስጊ።»

አጎቴ ጀማል ሳቀ። ረምላ ግን አልጋ ሥር ሆና ታለቅስ ነበር።

በማግስቱም አልተሻላትም። ሩዝ በወተት ቀረበላት፤ ፊቷን አዞረች።

ትራሷ ላይ ትንሽ ቢጫ ፈሳሽ ነበር። እማዬ በንጹሕ ጨርቅ ጆሮዋን ጠረገችላትና ጠብታውን ጠብ አደረገችላት።

ረምላ እንቅልፍ መጣባት። ዓይኗ ሊከደን ሆነ፣ ሊከደን ሆነ…

«ኳ! ኳ! ኳ!»

ብድግ! «እእእእ!»

ላባብላት ብዬ ሮጥኩ። «አይዞሽ ረምላ!!! አይዞሽ!!!»

ረምላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «እእእእ!»

እማዬ አባዬን ወደ ጓዳ ጠራችው። የተናገረችውን ግን ሰማሁ። «አልተሳካ ይሆን? ነገም እንዲህ ከሆነች እንመልሳታለን።»

ፈራሁ። ረምላን እንደገና በመድኃኒት ሊያስተኟት ነው ብዬ አሰብኩ።

እንዲሻላት ፈለግሁ። ግን ምን እንደሆነች አላወቅሁም።

አልጋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ክርኔ የድስት ክዳን ገፋና መሬት ጣለው። «ቿ!»

ረምላ ጆሮዋን ያዘች። ያወካት የክዳኑ ድምፅ ነው? ወይስ ጆሮዋ አሟት ነው? አላወቅሁም።

ስለዚህ ከጀርባዋ ሆኜ ማንኪያ ምንጣፉ ላይ ጣልኩ። «ድብ!»

ረምላ ዞር አለች። አላለቀሰችም።

አሁንም እርግጠኛ አልነበርኩም። እማዬ ከምትለቅመው ባቄላ አንዲት ፍሬ ወሰድኩ። ከጀርባዋ ሆኜ ጣልኳት። «ጠብ።»

ረምላ ዞር አለች። መጀመሪያ ባቄላዋን አየች። ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

ባቄላ! ረምላ የባቄላ ድምፅ ሰማች!

«እማዬ!!!» ብዬ ጮህኩ።

«እእእእ!» አለች ረምላ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። በእግር ጣቴ እየተራመድኩ ወደ እማዬ ሄድኩና ጆሮዋ ሥር ሹክ አልኳት።

«እማዬ፣ ረምላ ትሰማለች። የምንጮኸው እኛ ነን።»

እማዬ ባቄላውን አስቀመጠች። ከረምላ ጀርባ ተንበረከከችና በጣም ቀስ ብላ «ረምልዬ» አለች።

ረምላ ዞር አለች።

እማዬ አለቀሰች። ግን ድምፅ አላወጣችም።

ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቆምኩ። ለመጣው ሰው ሁሉ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «ቀስ በሉ፣ ቀስ። ረምላ ትሰማለች» እላለሁ።

እትዬ ዘሃራ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። «ቀስ በሉ፣ ቀስ» ይላሉ ለራሳቸው።

አጎቴ ጀማል ግን ድምፁ ወፍራም ነው፤ ማሳነስ አቃተው። ስለዚህ በእጁ ምልክት ብቻ አወራ።

«ጀማል» አሉት እትዬ ዘሃራ በሹክሹክታ፣ «አንተስ እንዲህ ስታወራ ነው የሚያምርብህ።»

ረምላ ከአልጋ ሥር ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። እትዬ ዘሃራ ብርቱካን ሲሰጧት ተቀበለች።

ከዚያ ደግሞ «ኳ! ኳ! ኳ!»

ረምላ ተመልሳ አልጋ ሥር ገባች።

አባዬ ወደ ጋሽ ይመር ሱቅ ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

«ጋሽ ይመር፣ ረምላ መዶሻዎን ፈራች» አለ አባዬ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ስቀጠቅጥ ተኝታ፣ ዛሬ ፈራች?»

«ዛሬ መስማት ጀመረች።»

ጋሽ ይመር መዶሻውን አስቀመጡ። «አልሐም…» ብለው ሊጮኹ ነበር። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እንግዲህ መዶሻው እንጀራዬ ነው፤ ዝም ይበል ብል አይሆንልኝም። ግን ምን እንደሚጮህ ብታየው አትፈራውም ይሆናል።»

መዶሻቸውንና አንዲት ትንሽ ጣሳ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

ጣሳዋን በጣም ቀስ አድርገው መቱ። «ኳ።»

ረምላ ከአልጋ ሥር አየቻቸው።

ቀስ በሉ፣ ቀስ። «ኳ።»

ረምላ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች።

ቀስ በሉ፣ ቀስ። «ኳ።»

ረምላ ተነስታ መዶሻውን በጣቷ ነካችው። ጋሽ ይመር ትንሿን እጇን ከትልቁ እጃቸው ጋር መዶሻው ላይ አደረጉ።

«ኳ።»

ረምላ ጆሮዋን አልያዘችም። ፈገግ ያለችም ይመስለኛል።

ጋሽ ይመር ጣሳዋን ሰጧት። «በይ የኔ እመቤት፣ ይህች ያንቺ ናት» አሏት። ከዚያ ወጡ።

መሸ። ረምላ ሩዟን በልታ ጨረሰች። እማዬ ጠብታውን ጠብ አደረገችላት። ጨርቁ ላይ ያለው ፈሳሽ ከጠዋቱ ያነሰ ነበር።

«ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን?» አልኳት እማዬን።

«አንሄድም» አለች እማዬ። «ተኛ።»

ረምላ ጣሳዋን አቅፋ ተኛች። እኔም አጠገቧ ተኛሁ። አባዬ መብራቱን አጠፋ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጉሙ እንኳ የሚሰማ ይመስል ነበር።

ከዚያ ጨለማው ውስጥ አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ።

«ኳ… ኳ…»

ረምላ ናት? የመጀመሪያ ቃሏ ይሆን? ወይስ ከግድግዳው ወዲያ መዶሻው ነው?

«ረምልዬ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ረምላ ተኝታ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

ዛሬ ረምላ አድጋለች። ጆሮዋ ሲያድግ ቱቦዎቹ በራሳቸው ወጥተው ወደቁ። አሁንማ ወሬዋ ስለሚበዛ «ቀስ በይ፣ ቀስ» የምላት እኔ ነኝ።

ያ ድምፅ ግን የማን እንደነበር ሳላውቅ ኖርኩ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከመጻፌ በፊት ሄጄ ጋሽ ይመርን ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ይመር፣ ጣሳዋን የሰጧት ዕለት ማታ ይሠሩ ነበር?»

ጋሽ ይመር አርጅተዋል።

«በምን እሠራለሁ ልጄ?» አሉ። «መዶሻዬን እናንተ ደጃፍ ረስቼው ሄጄ ነበር።»

አባዬንም ጠየቅሁት። እውነት ነው። መዶሻው ያን ምሽት በራችን ላይ አደረ፤ አባዬ የመለሰላቸው በማግስቱ ጠዋት ነው።