ከባሌስትራው መሀል

ይህን የምጽፍላችሁ እንቅልፍ ላሳጣችሁ ብዬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ያሳደገኝ አጎቴ ጋራዥ ነው። ሁለታችን ብቻ ነን የምንሠራበት።

አንዲት ደርባባ አሮጊት መኪናቸውን አስጎትተው መጡ። ከአጎቴ ዕድሜ የሚበልጥ መኪና ነው።

"የሟች ባለቤቴ ነው" አሉ። "አሥር ዓመት ቆሞ ከኋላው ተኝቷል። ባሌስትራውን ቀይሩልኝ።"

ባሌስትራ ለማታውቁት፣ ከስር የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ፣ ተደራርበው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ናቸው።

"አሮጌውን ግን እንዳትጥሉት።"

አጎቴ ሳቀ። "እትዬ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?"

አሮጊቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መኪናውን በክሪክ አንስተን፣ ድጋፍ አስገብተን፣ የኋላ ጎማዎቹን አወለቅን። ከስሩ ገባን።

መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው...

የግሪስ ሽታ አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ ሥጋ ነው የሚሸተው።

"አይጥ ሞቶበት ይሆናል" አለ አጎቴ በሹክሹክታ፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ።

ብሎኖቹ በጣት ተፈቱ። አሥር ዓመት የቆመ መኪና፣ ዝገት የሚባል ነገር የለውም...

የግራውን ባሌስትራ ተሸክመን አወጣን።

ብረቱ ሞቀኝ።

ከጥላ ስር ነው የወጣው። ለምን ይሞቃል?

"ክፈተው እስቲ" አለኝ አጎቴ።

ማሰሪያውን ፈትቼ ብረቶቹን በካቻቢቴ ፈለቀቅኳቸው። ቁስል ላይ እንደተጣበቀ ፋሻ ነው ቀስ ብለው የተላቀቁት...

በመሀላቸው ሞራ ነበር። ነጭ፣ ወፍራም፣ እርጥብ። ሽበት ተጠቅልሎበታል።

በጨርቅ ጠረግኩት። ከጨርቁ አንድ ነገር ጠብ አለ።

ጥፍር ነው። የሰው አውራ ጣት ጥፍር። ሥሩ ገና አልደረቀም።

"አጎቴ... ፖሊስ እንጥራ።"

"ዝም በል። ይሰማሉ።"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ፈገግ ብለው "በርቱ ልጆቼ" አሉን።

አጎቴ አዲሱን ባሌስትራ ከጥግ ጎተተ። "ቶሎ እንግጠምላቸውና ይሂዱልን።"

ትንፋሼን ይዤ ሠራሁ። የቀኙም ያው ነበር። እሱንም አውጥተን በሁለቱም በኩል አዲስ ገጠምን። የመጨረሻውን ብሎን እንዳጠበቅኩ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ሆዴ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጣ። እጄን በዱቄት ሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሽታው ግን አልለቀቀኝም... አሁንም አለ።

ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

አጎቴም የለም።

ከመኪናው ስር ድምፅ ይሰማል። እርጥብ ነገር ሲመጠጥ የሚያወጣው ድምፅ...

ጎንበስ አልኩ።

አሮጊቷ መሬት ላይ ተንጋለዋል። ከአሮጌው ብረት ሞራውን በጣታቸው እየጠረጉ፣ አዲሱን ይቀባሉ። ከዚያ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና መጠጡት። ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

"ገና ነው" አሉ።

አጎቴ አጠገባቸው ተጋድሟል። ጢሙ ወዝቷል። ጉንጩ ተወጥሯል። ቀስ እያለ... ያኝካል።

"አጎቴ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ቀና ብሎ አየኝ። ማኘኩን አላቆመም።

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀልኝ።