አድራሻዋን ለማንም አንሰጥም

ጥፋቱ የዜማ ነበር። በኢንተርኔት የምትሸጣቸውን የሐበሻ ቀሚሶች ፎቶ ስታነሣ፣ አንዱ ላይ ሰፊዋ በመርፌ ቁልፍ የሰካችው የደንበኛ ስም ሳይነቀል ቀረና «ሰገነት ቢተው» የሚለው ወረቀት ከነቀሚሱ ድረ ገጹ ላይ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አይቶ «አሁኑኑ አንሺው» ያላት ምንይችል ነው። ፊቱ ለምን እንደዚያ እንደ ገረጣ ግን አልነገራትም።

ከዚያ ወዲህ ነው የግል መረጃ አጠባበቅ ፖሊሲ ይጻፍ ያለችው። ክፍያ የሚያገናኝላት ድርጅትም ያለ እሱ አልቀጥልም ብሏታል። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ድረ ገጹን የሚሠራላት ምንይችል ነው፣ ፖሊሲ ደግሞ ቶሎ ተጽፎ አያልቅም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ ባለችው ጠባብ ሱቋ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አራተኛው አንቀጽ ላይ ተጣሉ።

«‹ዕቃው ደንበኛው እጅ እንደ ገባ አድራሻው ይጠፋል› ብለህ ትጽፋለህ?» አለች። «በዓል ሲመጣ ታዲያ እንኳን አደረሳችሁ የምለው ለማን ነው?»

«ቀሚሷን ወስዳለች። ከዚያ በኋላ ቤቷ የት እንደ ሆነ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ደንበኞቼን ልታስረሳኝ ነው እንዴ?»

«እኔን እንዳትረሺ እንጂ።»

ዜማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቷ አቶ አካለ ወልድ ደግሞ ያሳደገው ሰው ቆሞ ካልመሰከረለት ልጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። የምንይችል አባት ገና በልጅነቱ ሞተው፣ ሮብ ገበያ ወደሚባለው ከተማ ወስደው ያሳደጉት አቶ ቢተው ናቸው። እሳቸው ካልመጡ ጋብቻ የለም።

አራተኛውን አንቀጽ ሳይስማሙ ባዶ ተዉት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አቶ ቢተው ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጡ። ምንይችል ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ አለ፤ ዜማ የእሑዱ ጉዳይ መስሏት ተደናብራ ወንበር አቀረበችላቸው። አልተቀመጡም። ከጋቢያቸው ውስጥ ስልክ አወጡ፤ ማን እንዳስቀረላቸው እንጃ፣ የቀሚሱ ፎቶ ነበር፣ ከነስሙ።

«ይቺ ልጄ ናት» አሉ። «ለሰው ቃሌን ሰጥቼ፣ አላገባም ብላ ጥላኝ ከሄደች ሁለት ዓመቷ። የት ነው ያለች?»

ዜማ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ራሷ አዞረች።

«አባባ፣ የደንበኛ አድራሻ እኮ...»

«ስሚኝ ልጄ። እሑድ አባትሽ ፊት ቆሜ የምለምን እኔ ነኝ። ዛሬ የለመንኩሽን ስጭኝ፣ እሑድ ያንቺን እለምንልሻለሁ።»

«ባልሰጥዎትስ?»

«አባትሽ ‹ያሳደገው ሰው የት አለ?› ይላሉ። መልሱን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ነገ እመለሳለሁ ብለው ወጡ።

የሰገነት ትዕዛዝ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር፤ ከተማው፣ ሰፈሩ፣ የቤት ቁጥሩ። ዜማ ምንይችልን አየችው። አላያትም። ስጪ ቢላት ትቆጣው ነበር፣ አትስጪ ቢላት ታቅፈው ነበር። እሱ ግን ቦርሳውን አንሥቶ ዝም ብሎ ወጣ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ዝምታ ጠልታ አታውቅም።

ሐሙስ ጧት ትዕዛዙን ስትከፍት አድራሻው የለም። ስልክ ቁጥሩም የለም። ከሥሩ «መጨረሻ የከፈተው፦ ምንይችል፣ ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት» ይላል። ወስዶ ሰጥቷቸዋል፣ ዱካውንም አጥፍቷል ማለት ነው።

ሲመጣ ገና በሩ ላይ ተቀበለችው።

«ሰጠሃቸው አይደል? እኔን ለማግባት ስትል አሳልፈህ ሰጠሃት!»

«አድራሻውን አጠፋሁት እንጂ ለማንም አልሰጠሁም።»

«ሳታየው?»

«አይቼዋለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ሰገነት እኮ እህቴ ማለት ናት፤ ከአንድ ገበታ በልተን ነው ያደግነው። መጀመሪያ መልእክት ላክሁላት። ስምሽ በስሕተት ወጥቶብናል፣ አባትሽም አይተውታል፣ የት እንዳለሽ ግን ከእኛ አይሰሙም አልኋት። ከዚያ አጠፋሁት። ኮምፒውተሩ ረስቶታል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። የምፈራው እሱን ነው።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እሑድን ያፈረስሽው አንቺ ትሆኝ ነበር። እኔ ላፍርሰው ብዬ ነው።»

ልታምነው ፈለገች፤ ግን በምን ታረጋግጥ? ተቀምጣ ባዶውን አራተኛ አንቀጽ ከፈተችና እሱ ያለውን ቃል በቃል ጻፈችው። ከሥሩም የራሷን ጨመረች፦ «ለሥጋ ዘመድም ቢሆን አንሰጥም።»

አቶ ቢተው በአምስት ሰዓት መጡ። ዜማ ስክሪኑን አዙራ ባዶውን ቦታ አሳየቻቸው።

«የለም አባባ። ቢኖርም አልሰጥዎትም ነበር። ስሟን አደባባይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚያ ላይ ሌላ በደል አልጨምርባትም።»

ሽማግሌው ወደ ምንይችል ዞሩ።

«አንተስ? ታውቃለህ?»

ዜማ፣ አላውቅም በል፣ በእናትህ አላውቅም በል እያለች በልቧ ለመነችው። ምንይችል ግን እኒህን ሰው ዋሽቷቸው አያውቅም።

«አውቃለሁ» አለ። «ግን አልነግርዎትም።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እሑድ አትጠብቀኝ» አሉና ወጡ።

ምንይችል ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዜማ የምትፈልገውን ማረጋገጫ አገኘች፤ እንደዚህ ባታገኘው ግን በወደደች። እጆቹን ከፊቱ ላይ አንሥታ ያዘቻቸውና «እወድሃለሁ» አለችው። ከዚያ በፊት ብላው አታውቅም።

እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ መጡ። ዜማ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

«ያሳደገውስ ሰው?» አሉ አባቷ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምንይችል ምክንያቱን ለእነሱም አልነገራቸውም፤ እሱም ቢሆን የሰገነት ምስጢር ነው ብሎ።

«እንግዲያማ አሳዳጊው ያልመሰከረለትን...» ብለው ሲጀምሩ የግቢው በር ተንኳኳ።

አቶ ቢተው ነበሩ፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«አቶ አካለ ወልድ፣ ይህን ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት የልጄን አድራሻ ለምኜው ፊት ለፊት ከለከለኝ። ተቆጥቼ ነበር። ግን የእኔን ልጅ ከእኔ የጠበቀ፣ የእርስዎን ልጅ ከማንም ይጠብቃል። ይስጡት።»

ጓዳ ውስጥ ዜማ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። አባቷ ተነሥተው የአቶ ቢተውን ክንድ ይዘው ከራሳቸው ወንበር አጠገብ አስቀመጧቸው። እሺ ማለታቸው ነበር።

«ልጅዎስ ተገኘች?» አሏቸው ቀስ ብለው።

«ትናንት ደወለችልኝ። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ስለ ቀሚሷም አጫወተችኝ። የት እንዳለች ግን አልነገረችኝም።»

አቶ ቢተው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተካክለው አቆሙ።

«እኔም አልጠየቅኋትም» አሉ።